ባሱም እኮ እየተጫወተ ነው!

ለአሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ለጆን ኮልትሬን መታሰቢያ በተዘጋጀ የጃዝ ምሽት ተገኝቼ ተቃጥዬ ተመለስኩ። ሳክስፎን፣ ባስ፣ ድራም፤ በቃ። ፒያኖ ስለሌለ ትንሿም ድምፅ ጥርት ብላ ትሰማለች። የጎረቤቴ ወሬ ጭምር! ሳክስፎኑ ሲነፋ ሁሉም ስልኩን ይደቅናል። ተራው የባሱ ሲሆን ግን እረፍት የወጡ ይመስል ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ኧረ በፈጠራችሁ! ሙዚቃው እዚያው እየተፈጠረ ነው እኮ፤ ካመለጠ አመለጠ። ኮልትሬን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለ የጃዝ ክለብ ውስጥ ያለ ፒያኖ፣ ከባስና ከድራም ጋር ብቻ 16 ደቂቃ ያህል ነፍቷል። (ያኔ የእጅ ስልክ አለመኖሩ በጀው።) በእኛ ምሽት መጨረሻ ላይ ድራመሩ ዱላውን ትቶ በድራም ብሩሽ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የአንዱ ስልክ ጮኸ። አነሳው! «ኮንሰርት ላይ ነኝ» ይላል ጮክ ብሎ።