ጭነት እስኪመጣ

አራት ኪሎ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ አንዲት ሴትዮ ጀበና ቡና ታፈላለች። በርጩማዎቹ ሰባት ናቸው። ስምንተኛ ሰው ከመጣ ቆሞ ይጠጣል። ከሥራ ስወጣ ሳልቀምስ አላልፍም። እዚያ የማገኛቸውን ሰዎች ጓደኞቼ ልላቸው አልችልም፤ የግማሾቹን ስም እንኳ አላውቅም። ክርክራቸውን ግን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያ አነበበልን። ዲፕሎማውን ከያዘ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ያነባል፤ ከሰዓት ቴሌግራም ላይ ያፈጣል። ሁሉም «ሁለት ዓመት ልምድ» ይላሉ። ይሄኛው ግን «ዕቃ መለየትና ማሸግ። ጊዜያዊ። የሥራ ልምድ 0 ዓመት። ክፍያ በሠሩት ልክ» ነው የሚለው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ግባ እንጂ!» አለው የሒሳብ ሠራተኛው። ይህ ሰው አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋ ፔሮል ይሠራል። «በሠሩት ልክ ማለት የሠራ ይበላል ማለት ነው። እጁ ፈጣን የሆነ ልጅ የወር ደሞዝተኛውን ይበልጠዋል። ሰነፉንም ማንም አይቆጣው፤ ወረቀቱ ላይ ራሱን ያየዋል።»

እትዬ ትሪ ላይ ጥሬ ቡና እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ጭነት ካልመጣስ?» አለች።

መልስ የሰጣት የለም። ይልቅ ማዶ ካለው ሕንፃ የሚመጣው ጥበቃ ወሬውን ነጠቀ። እሱ ከጎጃም ነው። አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አራት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሁመራና መተማ እየወረደ ሰሊጥ አጭዷል።

«ሰሊጥ አይጠብቅህም» አለ። «ከታች ያለው ፍሬ ቢጫ ማለት ሲጀምር ማጨድ አለብህ። ትንሽ ካዘገየኸው አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ይዘራዋል። ስለዚህ ያኔ ባለሀብቱ ነው አንተን የሚለማመጥህ። ዋጋውን የምንጠራው እኛ ነበርን።» የታጨደውን አስረው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ክምሩን ሂላ ይሉታል። ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ይገለበጥና ሸራ ላይ ይራገፋል። «በቁርጥ ስንሠራ ጨረቃ ካለች ሌሊትም አናቆምም። በቀን የሚከፈለው ሰው ይሄን ያደርገዋል?»

የሒሳብ ሠራተኛው እጁን ወደ ጥበቃው ዘረጋ። ይኸው ምስክር፣ ማለቱ ነው።

«ስትታመምስ?» አለች እትዬ።

«ስታመም ምን ሂላ አለ!» ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ዓመት ወባ ይዞት አሥራ አንድ ቀን ተኝቷል። የአሥራ አንዱ ቀን ሒሳብ ባዶ ነው፤ የምግቡ ዕዳ ግን ቆጥሯል። አብሮት የወረደው የአገሩ ልጅ ደግሞ ካላዛር ያዘው። ሌሊት ግራር ሥር ይተኙ ነበር። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጣም ትንሽ ናት፤ ስትነክስ እንኳ ልብ አትላትም። ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ካልታከሙት ይገድላል። ልጁ ታክሞ ድኗል። ጥበቃው ይሄንንም እየሳቀ ነበር የሚያወራው። ከእሱ ሌላ የሳቀ አልነበረም።

እትዬ የመጀመሪያውን ቡና ቀድታ ስታበቃ የራሷን ጀመረች። ዘጠኝ ዓመት ቡና ለቅማለች፤ ለውጭ የሚላክ ቡና የሚዘጋጅበት መጋዘን ውስጥ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበላውን፣ ሳይበስል የተለቀመውን ፍሬ ከጤነኛው ትለያለች። «300 ግራም ናሙና ይወሰዳል» አለች። «ሁለተኛ ደረጃ ለመባል ጉድለቱ ከ12 መብለጥ የለበትም። እስቲ አስቡት፣ 12 ፍሬ! 0 ዓመት ልምድ ያላት ልጅ ጥቁሩን ታየዋለች። ያልበሰለውን ግን አታየውም፤ ለማየት ወራት ይፈጅባታል።»

(እዚህ አገር የምንጠጣው ቡና ብዙ ጊዜ ከዚያ ለቀማ የተረፈው ነው። የተመረጠው ይሄዳል፣ የቀረው ለእኛ ይቀርባል። እትዬ ይሄንንም ትሪዋ ላይ እንደገና ትለቅመዋለች። ሳልቀምስ የማላልፈው ወድጄ አይደለም።)

«ክፍያው በኪሎ ነበር» አለች። «በኪሎ መሆኑን አልጠላውም። እጄ ፈጣን ነበር። ግን ኬሻው ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። አንዳንዴ መኪናው ይዘገያል፣ አንዳንዴ መብራት ይጠፋል። ግድግዳ ተደግፈን ቁጭ ነው። ወጣ ብለሽ ልጅሽን እንዳታዪ ደግሞ፣ ጭነቱ ሲገባ ያልተገኘች ቦታዋን ትነጠቃለች። ማታ ኪሎው ሲመዘን የአምስት ሰዓቱ ቁጭታ ክብደት የለውም።»

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና» አለ የሒሳብ ሠራተኛው፣ «ሕጉ ራሱ ደሞዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ይላል።»

እኔም ስልኬን አወጣሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 54። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ እሱ እንዳለው ይላል። ቀጥሎ ያለውን ግን አልነገረንም። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ በመቋረጡ፣ ወይም እሱ ባላጠፋው ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደሞዙን የማግኘት መብት አለው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጁ «እንዴ!» አለ። ጥበቃው «እኛ ጋ አልደረሰም» አለ።

የሒሳብ ሠራተኛው «አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ይሄን ጊዜ ነው ትክክለኛው ክርክር የመጣው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቁጥር አዋቂ ነው። «እሺ፣ መብት ይሁን» አለ። «የሦስት ወር ሠራተኛ ለአምስት ሰዓት ቁጭታ ብሎ ማን ጋ ይከሳል? ቀጠሮው ሳይደርስ ወቅቱ ያልቃል። አሠሪውስ መኪናው ሞጆ ላይ ቢበላሽበት ምን ያድርግ? ለመጠበቅ ክፈል ብትሉት ደግሞ የኪሎውን ዋጋ ይቀንሳል። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«ይቀንሳ» አለች እትዬ። «ማታ ስንት ይዤ እንደምገባ አውቄ ሽሮ እገዛለሁ።»

መልስ አላገኘላትም። ሁለተኛውን ሲኒ ጠጣ።

እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ግን ከሕጉ ይልቅ ከቲማቲም ነው የመጣው።

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመሄዱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ 12ኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ቲማቲም ለይቻለሁ። ለዛሬ የደረሰውን ለብቻ፣ ለነገና ከነገ ወዲያ የሚሆነውን ለብቻ፣ የተጨፈለቀውን ወደ ታች። ክፍያው በሳጥን ነበር። ጭነቱ የሚመጣው ከመቂ ነው። አንድ ሳምንት ላይ መኪናው ሁለት ቀን ቀረ። በሁለቱም ቀን ገና ሳይነጋ ተገኝቼ እስከ ቀትር ጭቃ ላይ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ባለንብረቱ ያኔ ምን አለን? «ፍጠኑ! ምን ትጎለታላችሁ?» በሦስት ቀን የግማሽ ቀን ሳጥን ተቆጠረልኝ።

የከነከነኝ ብሩ ብቻ አልነበረም። ሰውየው በሁለቱ ቀናት አንዴም ሾፌሩ ጋ ሲደውል አላየሁትም። ለምን ይደውላል? ቆመን ስንጠብቅ ምንም አላስወጣነውም። በቀን የሚከፍለን ቢሆን ኖሮ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነበር የሚደውለው፤ ካልመጣም ማታውኑ «ነገ እንዳትመጡ» ይለን ነበር። እኔ ማፍጠን የምችለው እጄን ነው። መኪናውን ማፍጠን የሚችለው እሱ ነው። ስለዚህ የኪሶቹ ነገር የሒሳብ ሠራተኛው እንዳለው አይደለም። መጠበቁ ከሱ ኪስ ሲወጣ መጠበቁ ራሱ ያጥራል።

የጥበቃው ሰሊጥ ለየት ይላል። ሰሊጡ እዚያው ማሳው ላይ ቆሟል፤ የሚጠበቅ ጭነት የለም። ቁርጥ ክፍያ እዚያ ያምራል፣ በሽታው ባይኖር። መጋዘን ውስጥ ግን ሥራው በሌላ ሰው መኪና ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ልጁን አትግባ አላልኩትም። ቴሌግራም ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል። ሦስት ነገር ብቻ ነገርኩት። ስትደውል ከዋጋው በፊት «ጭነት ሳይኖር ስንውልስ?» ብለህ ጠይቅ። የጽሑፍ ውል ካልሰጡህ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጡህ ሕጉ ያዛል፣ ጠይቅ። እምቢ ቢሉህም ደብተር ያዝ፤ የገባህበትን ሰዓትና ጭነቱ የደረሰበትን ሰዓት ጻፍ።

ሲደውል «መጀመሪያ ናና እንነጋገራለን» አሉት። ሰኞ ገባ።

ማክሰኞ ማታ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ሰኞ፦ 2፡00 ገባሁ፣ ጭነት 4፡30፣ 61 ካርቶን። ማክሰኞ፦ 2፡00 ገባሁ፣ ጭነት 8፡15፣ 19 ካርቶን።» ደብተሩ እጅ በእጅ ዞረ። የሒሳብ ሠራተኛው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ልማድ ሆኖበት መሰለኝ እስክሪብቶ አወጣ። በሲኒው ማስቀመጫ ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና አንድ ዓምድ ጨመረበት። አናቱ ላይ «ቁጭታ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ 2፡30። ከዚያ 6፡15። ደመረው፤ 8፡45።

«አንድ የሥራ ቀን ስንት ሰዓት ነበር?» አለች እትዬ።

«ስምንት» አለ፤ ደብተሩንም ለልጁ መለሰለት።