ካረጁ አይበጁ ባዩ ወዳጃችን

ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የእድራችንን የወር መዋጮ ከፍለን፣ እንደ ልማዳችን ጣና ዳር ዋርካው ሥር ዱካ ስበን ተቀመጥን። ጀበናው ገና አልፈላም። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነች ታንኳ ቀስ እያለች ወደ ዳር ትጠጋለች። ሰላም ነበር። ብረታ ብረት የሚነግደው ወዳጃችን አፉን እስኪከፍት ድረስ ማለቴ ነው።

«እኔ የምለው፣» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «ማታ ማታ ስልክ ላይ ተደፍታችሁ ታሪክ ትማራላችሁ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?»

እውነት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት አንድ ወጣት የታሪክ መምህር በዙም ያስተምራቸዋል። ሳንቲም አይቀበልም። ተማሪዎቹ አሥራ ምናምን ናቸው፤ ከስድሳ በታች የሆነ የለም። ሁለቱ ጎንደር ናቸው፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዲት እናት ደግሞ አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሆነው ወጥ እያማሰሉ ይከታተላሉ፤ እዚያ ቀትር ነዋ። የቀሩት እዚሁ ባሕር ዳር ናቸው። እዚሁ ከሆኑ ለምን አንድ ቦታ ተሰብስበው አይማሩም ትሉ ይሆናል። ማታ ባጃጅ የለም። ጉልበትም የለም።

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። ዙሙን የምጭንላቸው፣ ሊንኩ ሲጠፋባቸው የምልክላቸው፣ የመምህሩን ማስታወሻ የማትምላቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ በ12 ፎንት ነበር የማትመው። አንዱ ሽማግሌ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበው ሲያነቡ ካየሁ በኋላ ወደ 18 ወጣሁ። ወረቀት ይፈጃል። ይፍጅ። ለማን እንደማደላ እንግዲህ ከአሁኑ እወቁት።

የነጋዴው ክርክር ረጅም አይደለም። አንድ ተረት ነው። «ካረጁ አይበጁ» አለና ስኒ የሚጠብቅ እጁን አራገፈ። ነገሩ ያለቀለት መሰለው።

የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሼ ፈገግ አሉ። «ምኑ ነው የማይበጀው?»

«ይረሳላ! ማታ የሰማችሁትን ጠዋት ታስታውሱታላችሁ?»

«ፈተና የለብንም እኮ። ብንረሳስ ማን ይጥለናል?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ታዲያ ምን ይሠራል? ዲግሪ አይሰጥ፣ ደሞዝ አይጨምር። ለኢንተርኔት ፓኬጅ የምታወጡትን ብር ስኳር ብትገዙበት አይሻልም? ካረጁ አይበጁ።» ይኼ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ብረት በሜትር፣ ሚስማር በኪሎ ሲሸጥ ስለኖረ ያልተመዘነ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። በነገራችን ላይ ጋሼ ስኳር በሽተኛ ናቸው። እሱም ያውቃል።

እኔ ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ የውጫሌውን ቀን አወራሁለት።

ትምህርቱ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ላይ ደርሶ ነበር። ያ መዘዘኛ አንቀጽ 17። መምህሩ እንደ ወጉ አስረዳ። በአማርኛው፣ አፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»። በኢጣልያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይኼን እኛም በተማሪነታችን ሰምተነዋል። ለፈተና ጽፈነዋል፣ ረስተነዋል። ጋሼ ግን ማይካቸውን ከፈቱ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ እርዳታ ነው የከፈቱት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሁለቱ ቅጂዎች ቢጣሉ የትኛው ይጸናል የሚል አንቀጽ የለውም?»

መምህሩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንዳለው ተናገረ። አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች በሚገባ እንደሚስማሙና ሁለቱም እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል።

ጋሼ በሳቅ ፈረሱ። ስልኩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «እንግዲያው ጠቡ አንቀጽ 17 ላይ ብቻ አይደለማ! ሳያመሳክሩ 'ይስማማሉ' ብለው የፈረሙት 19ኛው ላይም ነው።» ከዚያ በመዝገብ ቤት ዘመናቸው ያዩትን አመጡ። አንድ የቤት ሽያጭ ውል፣ «ይችላል» እና «አለበት» በሚሉ ሁለት ቃላት የተነሳ ስንት ቀጠሮ እንደፈጀ፣ ሻጩም ገዢውም በመንገድ እንዳለቁ። መምህሩ ስላይዱን ትቶ ማስታወሻ ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ከውሉ ሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ያን ያህል ሰው ያለቀው እንዲህ በመሰለ ቃል ጦስ መሆኑን ጋሼ ሲናገሩ የሰማ፣ ነገሩን በመማሪያ መጽሐፍ እንዳነበበው አይሰማውም።

የሃያ ዓመት ልጅ ይኼን ጥያቄ አይጠይቅም። ውል ተፈራርሞ አያውቅማ። ተካዶም አያውቅም።

ነጋዴው ምን አለ መሰላችሁ? «እሱማ ጠበቃ ይጠየቃል። ካረጁ አይበጁ።»

ጀበናው ደረሰ። አቦሉ ሲቀዳ እስከዚያ ዝም ብለው የነበሩት እትዬ ገቡበት። እትዬ አርባ ዓመት ያህል እዚሁ ዳር አሳ ሲጠብሱ የኖሩ ናቸው። ቀረሶ በእጃቸው ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ ጣና ራሱ አይቆጥረውም። አሁን ምጣዱን ለልጃቸው ለቀዋል።

«አንተ ልጅ፣» አሉት፤ እሱ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ «ይቺን ተረት እናቴም ሰምታታለች። መሠረተ ትምህርት በ1971 ሲጀመር በፋኖስ እየተማርን፣ ባለርስቱ የነበረው ሰውዬ ደጅ ቆሞ ካረጁ አይበጁ እያለ ይስቅባት ነበር። እናቴ ያኔ ከሃምሳ አልፋለች። ስሟን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀባት። ከዚያ ወዲያ ግን አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አታውቅም።»

ያ ዘመቻ ስንት ነገር ይወራበታል። ግን በ15 ቋንቋ መማሪያ ተዘጋጅቶለት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የተሸለመ ነው። ያ ሁሉ እናትና አባት ካረጁ አይበጁ ብሎ ቤቱ ቢተኛ ኖሮ ማን ይሸለም ነበር?

እትዬ አልጨረሱም። እጃቸውን ወደ ሐይቁ ዘረጉ። «ክብራንን ታየዋለህ?»

ይታያል። ከተቀመጥንበት በጀልባ ግማሽ ሰዓት ግድም ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ጎረቤቱ እንጦንስ ኢየሱስ ይገባል፣ ክብራን ግን የወንዶች ገዳም ነው። «ከጀርመን የመጣ ወንድ ይገባል፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ አልገባም። ሥርዓት ነው፣ አልከፋኝም። ሰባ ዓመት ሙሉ ከደጄ ሆኜ ተሳለምኩት። ባለፈው ሐሙስ ግን መምህሩ ውስጥ ያለውን የብራና ወንጌል አሳየን። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው አለ። ሥዕሉ፣ ዓይኑ፣ ቀለሙ... በሰባ ዓመቴ ክብራን ገባሁ!»

የቀረውን እኔ ልንገራችሁ፤ እሳቸው አፍረው ዘለሉት። ሥዕሉ ሲመጣ ስልኩን አንስተው ተሳለሙት። ከንፈራቸው ቀዩዋን ምልክት ነካትና ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ክብራን ጠፋብኝ፣ መልስልኝ።» ፒጃማዬን እንደለበስኩ ሊንኩን እንደገና ላክሁ። እስኪገቡ ድረስ መምህሩ ሥዕሉን ሳይቀይር ጠበቃቸው። ደግነቱ፣ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ስለሚቆረጥ ሁሉም መልሶ መግባቱን ለምዶታል። ሽማግሌዎቹ ያቺን መቆራረጫ «ዕረፍት» ይሏታል። ውሃ ይጠጡባታል፣ መድኃኒት ይውጡባታል።

አሜሪካ ያሉት ተማሪ አንድ ቀን እንደነገሩን፣ ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ከተማ ለጡረተኞች የሚሆን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ይኼን ለነጋዴው ብነግረው «ፈረንጅማ ልጁ ስለማይጠይቀው ነው» አለ። እሺ፣ ይቺስ ትንሽ እውነት አላት። ግን የአንተ ልጆች መቼ ነው የጠየቁህ ብዬ ልለው ፈለግሁና ስኒዬን ጨለጥኩ።

ቶናው ላይ ግን ከባድ የመሰለውን አመጣ። «ለመሆኑ የሚያባላን ይኼው ታሪክ አይደል? ሽማግሌ መጸለይ ሲገባው ምኒልክ፣ ዮሐንስ፣ ግራኝ እያለ ቢነታረክ ምን ይጠቅማል?»

ወይ ጉድ! በዚያች ክፍል አንድ ቄስና አንድ ሐጂ አብረው ይማራሉ። ግራኝ አሕመድ ወይና ደጋ ላይ የሞተበት፣ የ1535 ዓ.ም. ውጊያ ትምህርት ሲደርስ እኔም እንደሱ ፈርቼ ነበር። ወይና ደጋ ደግሞ ከዚህ ከጣና ሩቅ አይደለም። ምን ሆነ? ሐጂው «ይኼ ሁሉ ጦር ሲመላለስ ቀለቡን ማን አበላ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ተቀበሏቸው። የኢማሙም ጦር፣ የአፄ ገላውዴዎስም ጦር፣ 400ዎቹ ፖርቱጋሎችም ከማን ጎተራ በሉ? ክፍለ ጊዜው በባላገሩ እህል ላይ አለቀ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ሁለቱ ሰዎች ረሃብ አይተዋል፤ ጦር ሲያልፍ በሬ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

የሚያባላንስ ማን ሆነና? መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ልጅ መብራት ፊቱ ላይ ደቅኖ፣ በግማሽ ደቂቃ የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ ሲፈርድ ነው የሚያባላን። በአርባ ሺህ ሰው ይወደድለታል። ጋሼ ግን 19ኛውን አንቀጽ ጠይቀው ያገኙት አድናቂ እኔና አሥራ ምናምን ሽማግሌ ነን። ኮፒ ቤቴ የሚመጣው ተማሪ የሚያሳትመውን የቤት ሥራ ርዕሱን እንኳ አያውቀውም፤ «ስንት ገጽ ነው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ካረጁ አይበጁ የተባለው ለእነማን ነው ታዲያ?

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት አባታቸው ባረፉ በአርባኛው ቀን መጻሕፍታቸውን በኪሎ ሸጡ። በሳምንቱ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ ሳየው በሰውዬው እጅ የተጻፈ ነገር ኅዳጉ ላይ አለ። በእርሳስ ነው፣ ደቃቅ ጽሕፈት። «ይህ ልክ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ይመሳከር» ይላል። ምኑ ልክ እንዳልሆነ ጨው በልቶታል። እስካሁን ኪሴ ውስጥ አለ።

ሽማግሌ የሚፈለገው መቼ መቼ ነው? ሴት ልጅ ሊያስጠይቁ ጋቢ አልብሰው ይልኩታል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከፊት ያስቀምጡታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩታል። ከዚህ ውጭ ቢሮ ቢሄድ «አባባ፣ አረፍ ይበሉ» ይሉታል፤ አረፍ እንዳለ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። «በስልክዎ ይሙሉት» ይባላል። በስልኩ መሙላት ሲማር ደግሞ፣ ይኸው፣ ካረጁ አይበጁ። የቱን ይሁንላችሁ? ያከበርነው መስሎን ቀስ አድርገን ወደ ደጅ የምናወጣው ስንቱን ነው? እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ስለሆነ ይሆናል እንዲህ የሚያንገበግበኝ። ባለፈው መርፌ ላይ ክር ማግባት አቃተኝ።

በረካው ሳይቀዳ ነጋዴው ተነሳ፤ ሱቁ ሰው አለ አሉት። የሁላችንንም የቡና ሒሳብ ከፈለ። ክፋት የለበትም፣ ይኼን መደበቅ አልችልም። ሲሄድ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ካረጁ አይበጁ፣ አትርሳ» አለኝ። ጋሼ ከኋላው «ይችላል ነው ወይስ አለበት?» ብለው ጮኹበት። አልገባውም።

እትዬ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈቱና በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ማክሰኞ ትምህርቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የነዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የነዐፄ ዳዊት፣ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የነዐፄ ፋሲል ዐጽም ያለበት። እዚያም ሴት አይገባም።

«ልጄ፣» አሉ ስልኩን እየሰጡኝ፣ «ስስመው የማይዘጋ አድርገህ አስተካክልልኝ።»