መታሰቢያው አርባውን ይጠብቅ

ባለፈው ዓመት እዚህ አዳማ፣ በሰፈራችን፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሠልስቱ በወጣ በሳምንቱ የእድራችን ዳኛ አስጠርተውኝ፣ «አንተ ንድፍ ታውቃለህ፤ በወደቀበት ቦታ መታሰቢያ እናቁምለት፤ ገንዘቡን እናዋጣለን» አሉኝ። በሁለት ሌሊት ሠርቼ አደረስኩ፦ የእምነበረድ ዓምድ፣ መሀሉ ላይ የልጁ ፎቶግራፍ፣ ግርጌው ላይ የአዋጪዎቹ ስም። የለቅሶው ፍራሽ ገና አልተነሳም ነበር። እናቱ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተው ገለበጡት። «ወደ ገበያ ስሄድ በየቀኑ በዚያ የማልፈው እኮ እኔ ነኝ» አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የምጽፈውም ሌላ ሰፈር እንዳይደግመው ነው፤ ንድፍ ከማውጣት በፊት ለቅሶ መቀመጥ ይገባል።

ሐውልት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የስድስት ኪሎው ነው። እሱ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሺስቶች የጨፈጨፉትን ሕዝብ ያስታውሳልና ከሩቅ እንዲታይ ከፍ ብሎ መቆሙ ትክክል ነው። ሕፃን ልጅ ግን የአንድ ቤት ልጅ ነው። መታሰቢያውም የዚያን ቤት ልክ መያዝ አለበት፤ ልኩን ደግሞ ከቤቱ ሰዎች በቀር የሚያውቀው የለም።

እኛ ልኩን ያገኘነው ከአርባው በኋላ ነው። ወረቀት ሳልይዝ እየሄድኩ ቡና ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን አባቱ ማውራት ጀመሩ። ለካ ልጁ ሙቀቱ ሲበረታ ከቤት በባልዲ ውኃ እያወጣ የጋሪ ፈረሶችን ያጠጣ ነበር። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪዎቹ ቢመናመኑም በእኛ ሰፈር ዛሬም አሉ፤ ባለጋሪዎቹም ልጁን በስሙ ይጠሩት ነበር። ይህን ጊዜ እናቱ ተነሥተው የጓዳውን በር መቃን አሳዩኝ። በየልደቱ በእርሳስ የተሰመረ የቁመት ምልክት ነው፤ የመጨረሻው 1 ሜትር ከ28። እጃቸውን ምልክቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

ዓምዱ ቀረ። በምትኩ ፈረሶቹ በሚቆሙበት ጥግ፣ አደጋው ከደረሰበት ራቅ ብሎ፣ የውኃ ገንዳና ለልጆች የሚደርስ ቧንቧ ተሠራ። ከጀርባው ያለው የድንጋይ ግንብ ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ነው። ቦታውንም ቁመቱንም የመረጡት እናቱ ናቸው። ስማቸው የቀረ አንዳንድ አዋጪዎች ቅር ተሰኝተዋል፤ እኔ ግን የሟች ቤተሰብ በየማለዳው የባለውለታዎቹን ዝርዝር እንዲያነብ መገደድ የለበትም እላለሁ።

አባቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከገንዳው በፊት መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋ ከሁሉም እንደሚቀድም የዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቀው ነው። እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥም ይመክራል። መንገዱን እንዳለ ትተን ገንዳ ብንሠራ ኖሮ አባቱን በምን ዓይናችን እናያቸው ነበር? ጉብታው ቀደመ።

የውኃው ወርኃዊ ክፍያ በእድሩ መዝገብ ገብቷል። ግንቡ ላይ ለስሙ የተተወው ድንጋይ ግን እስካሁን ባዶ ነው። እናቱ ምን እንደሚጻፍ አልወሰኑም፤ እኛም አንጠይቃቸውም።