ለቁም ሳጥኑ ጠቢብ የቀረበ ውዳሴ

ሽጉጡን ቁም ሳጥን ላይ፣ ከአሮጌ ሻንጣ ጀርባ የሚሸጉጥ አባወራ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ቁልፍ ለፈሪ ነው፤ እሱ የሚተማመነው በከፍታ ነው። ልጁ ወንበር መግፋት አምና፣ ወንበሩ ላይ ትራስ መደረብ ደግሞ ዘንድሮ መልመዱ ምን ቁም ነገር አለው?

ምስጢር አጠባበቁስ ቢባል! ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱና ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የአሜሪካ፣ አላባማ ጥናት ወላጅና ልጅ ተጠይቀው፣ «ልጄ መሣሪያው የት እንዳለ አያውቅም» ካሉት ወላጆች 39 በመቶውን የገዛ ልጆቻቸው አስተባብለዋል። «ነክቶትም አያውቅ» ካሉት ደግሞ 22 በመቶውን። የእኛ ጠቢብ ግን ልጁን አሳምሮ ያውቀዋል።

ጥበቡ ጎልቶ የሚታየው ጥይት ሲያወጣ ነው። መጀመሪያ ያቀባብላል። የተጎረሰችው ጥይት ተስፈንጥራ ትወድቃለች፤ ማቀባበያው ሲመለስ ከካርታው፣ ማለትም ከጥይት መያዣው፣ ሌላ ያጎርሳል። ከዚያ ካርታውን ነቅሎ ኪሱ ይከትና «ባዶ ነው» ይላል። እውነትም ባዶ ነው፤ የቀረችው አንዲት ጥይት ብቻ ናት። ካርታው ሲነቀል ቃታው የማይሠራ ሽጉጥ አለ፤ ብዙዎቹ ግን ያቺን አንዷን ከመተኮስ አይመለሱም። ፈሪዎቹ ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዞራሉ፣ ጣታቸውን ከቃታ ያርቃሉ፣ ካርታውን ቀድመው ይነቅላሉ፣ ከዚያ ያቀባብላሉ። ይህም አልበቃ ብሏቸው ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይዘው ውስጡን በዓይንም በጣትም ይፈትሻሉ። ግማሽ ደቂቃ ዕድሜ በከንቱ!

የኬብል ቁልፍም ይገዛሉ። ገመዷ በቀለሃ መውጫው ገብታ በካርታው ቀዳዳ ትወጣለች፤ ማቀባበያው አይዘጋም፣ ጥይትም አይጎርስም። ጠቢባችን ቆልፍ ከተባለ የሚመርጠው የቃታ ቁልፍ ነው፤ እሱንም ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ ያስረዋል፣ ቃታውን እየነካካ።

ጥይቱን ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥ አይታሰብም። «ሌባ ቢመጣስ?» ይላል። በኮድ የሚከፈት ትንሽ የብረት ካዝና በሰከንዶች ይከፈታል ሲሉት ተስማምቶ የገዛም አለ፤ ኮዱ የልጁ የልደት ቀን ነው። መለዋወጫ ቁልፉ በሩ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እንግዳ ሁሉ እንዳይቸገር።

አንድ ክርክር ግን ልንረታው አልቻልንም፦ «ቃታው ለሕፃን ጣት ይከብዳል።» ለአንዲት ጣት ይከብዳል። ለዚህ ነው ትንሽ ልጅ ሽጉጡን ወደ ራሱ አዙሮ፣ እጀታውን በሁለት መዳፉ አቅፎ፣ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ቃታው ላይ የሚጭነው። ያን ጊዜ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ጠቢባችን የልጁን የውሃ ሽጉጥ እንደዚያው ይዞ ቢሞክር ይታየዋል።