ከርነሉ ይጩህ ወይስ ይመዝግብ?

ድሬዳዋ ላይ ለአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረውን የሥርዓተ ክወና እምብርት) የሚጽፉ ሁለት ባልደረቦች ናቸው፤ አንዱ የከዚራ፣ አንዷ የሳቢያን ሰፈር። ጥያቄው፦ ስህተት ለማደን መልእክት ማተም ይበቃል ወይስ የሆነውን ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ የሚመዘግብ ቋሚ የመከታተያ ሥርዓት ይሠራ?

የከዚራው፦ አቦ፣ ነገር አናክብድ! ለሁለት ሰው ከርነል ማተሚያው ይበቃል። የጠረጠርሽው ቦታ ላይ አንድ መስመር ትጨምሪያለሽ፤ በሲሪያል ገመድ መጥቶ ላፕቶፕሽ ላይ ታነቢዋለሽ። ምንም ወጪ የለውም።

የሳቢያኗ፦ ምንም ወጪ የለውም? እስቲ እናስላው። ሲሪያላችን በሴኮንድ 115,200 ቢት ይልካል። ለአንድ ፊደል 10 ቢት ይሄዳል። ባለ 80 ፊደል መስመር 7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ይህን ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ሥራ አቋርጦ ሲጠራ የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ ከተህ ሁለት ኮሮች (የፕሮሰሰሩ አስሊ ክፍሎች) የሚሻሙበትን ስህተት ልትይዝ ነው? መስመሯን ስትጨምር መዘግየቷ ጊዜውን ስለሚያዛባ ስህተቱ ይጠፋል፣ ስታወጣት ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት "ተስተካክሏል" ብለህ የዘጋኸው እሱን ነው።

የከዚራው፦ እኔ ስለ ዲዛይን ልከራከር እንጂ ልወቀስ አልመጣሁም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ያንቺ መዝገብ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ከርነሉ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የኔ የመጨረሻ መስመር ግን ላፕቶፑ ላይ ትቀራለች።

የሳቢያኗ፦ ወጪውን ዘለልከው። እያንዳንዱ ኮር የራሱ ሪንግ በፈር (ሜሞሪ ውስጥ ያለ ክብ ማስቀመጫ) ይኑረው፤ ሲሞላ አሮጌው ላይ ይጻፍ። ኮሮቹ አይጠባበቁም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው መከታተያ፣ ኤፍትሬስ፣ እንዲህ ነው የሚመዘግበው። መከታተያው ሲጠፋ በጥሪው ቦታ ምንም የማይሠራ ትእዛዝ ይተካል። ወጪ የለውም ለማለት የሚቀርበው ይሄ ነው። ከርነሉ ሲወድቅ ደግሞ የያዘውን ሲሪያሉ ላይ ያራግፋል። ያኔ ቢዘገይ ማን ይጎዳል?

የከዚራው፦ ለማራገፍ እኮ ትንሽ ነፍስ ያለው ከርነል ያስፈልጋል! መብራት ድንገት ሲሄድስ? ደግሞ ኮዱ ውስጥ የመከታተያ ነጥቡን አንዴ ከተከልሽ ማን ይነቅለዋል? እ.ኤ.አ. በ2011 የኃይል ፍጆታን የሚከታተለው ፓወርቶፕ የተባለው ፕሮግራም የሊኑክስን የመከታተያ ነጥቦች ይጠቀም ስለነበር ቅርጻቸውን መቀየር ጣጣ ሆኖ ነበር።

የሳቢያኗ፦ የኛን የሚያነበው እኔና አንተ ብቻ ነን። ነገ ሊለወጥ ይችላል ብለን ከአሁኑ እንጻፍበት። 7 ሚሊሴኮንዱን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።

የከዚራው፦ ኢንተራፕት ውስጥ ይታተም ያለሽ የለም። እኔ የምለው ከርነሉ ሲነሳ፣ ሜሞሪ ገና ሳይደራጅ፣ በፈርሽ የት ይቀመጣል? እዚያ ማተሚያዬን ማንም አይነካትም።

የሳቢያኗ፦ ማን ይንካት አለ? "ይበቃል" ብለህ ጀምረህ አሁን ማስነሻው ላይ ደረስክ። እዚያ ትቆይልህ። የበፈሩን ኮድ ማታ እልክልሃለሁ። የዘጋኸውን ስህተት ክፈተውና ያለ ህትመት አስነሳው።