መናገር ያቃተው ሰው ከሥነ ልቦና ሕክምና አይገለል

ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ሲሶ ያህሉ አፌዥያ የሚባል የቋንቋ ችግር ያጋጥማቸዋል። አፌዥያ የማሰብ ችሎታን አይወስድም። ችግሩ የሚመጣው ቋንቋን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራው፣ ሲጎዳ ነው። ሰውየው ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይናደዳል። ቃሉ ግን አልመጣ ይለዋል፣ ወይም ያላሰበው ቃል ይወጣዋል። የሰው ንግግርና ጽሑፍ የሚምታታበትም አለ።

እስቲ አስቡት፤ የልጅህን ስም መጥራት ሲያቅትህ። ጠያቂዎች ዝምታው ያስጨንቃቸውና ቀስ በቀስ ይቀራሉ። ሥራ የለ፣ ወሬ የለ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላው የስትሮክ ታማሚ ይልቅ ለድብርት መጋለጡ አይገርምም። እኔን የሚያበሳጨኝ ድብርቱን የሚያክምለት ማጣቱ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው «ሕክምናዬ በንግግር ነው፣ ካልተናገረ ምን ላድርገው?» ይላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ደግሞ «ድብርት የእኔ ሙያ አይደለም» ትላለች። ታማሚው መሃል ቤት ይቀራል።

መላ ጠፍቶ ግን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የድብርት መለያ መጠይቅ የሚሞላው በአስታማሚው ነው፦ ያለቅሳል ወይ? እንቅልፉ ይረበሻል ወይ? ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ይሸሻል ወይ? እዚያው አገር በ2013 በታተመ ጥናት ደግሞ አፌዥያና ድብርት ያለባቸው 105 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ የሚወዱትን ነገር እንደገና እንዲሠሩ የሚያግዝ የባሕርይ ሕክምና ተሰጣቸው። ከ6 ወር በኋላ ሕክምናውን ካላገኙት የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ሕክምናው በንግግር ብቻ ካልታሰረ መናገር ያቃተውንም ማከም ይቻላል ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጸጥታ፣ ወረቀት፣ ወፍራም እስክሪብቶ። ባለሙያው «ቤተሰብ»፣ «ሥራ»፣ «ሕመም» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ታማሚው ጣቱን «ሥራ» ላይ ያሳርፋል። ባለሙያው አይቸኩልም፤ ቃሉን አፉ ላይ አይነጥቀውም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ አፌዥያ ያለበት ሰው «አይ» ሊል ፈልጎ «አዎ» ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጦ መድገም ግድ ነው። «ተናደሃል?» ተብሎ «አዎ» ካለ፣ «እንግዲያው አልተናደድክም?» ብሎ ማጣራት። ሚስቱ ወይም ልጁ መልሱን ቢቀድሙት ደግሞ በትህትና «ቆይ፣ እሱን ልስማው» ማለት።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ለሌላው ታማሚ የሚበቃው ሰዓት ለእሱ አይበቃም፣ ቀጠሮውም በዚያው ልክ መረዘም አለበት። ለባለሙያዎቹም አብረው የሚሠለጥኑበት መድረክ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አይታለፍ፦ ሰውየው ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ መጠየቅ። ሌላውን ታማሚ የሚጠይቅ ሐኪም አፌዥያ ያለበትን «አይገባውም» ብሎ መዝለል የለበትም። በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» ይቀመጥ፣ መልሱ እስኪመጣ ይጠበቅ፣ ከዚያም ተገልብጦ እንደገና ይጠየቅ።