ማስተካከያ፦ ግራሶ የሚቀባው ሁሉም የአውሮፕላን ኩሽኔታ አይደለም
ባለፈው ሳምንት ለሰሜን ሸዋ የጋራዥ ልጆች በወጣው ጽሑፍ «የትንሽ አውሮፕላን መሪ ኩሽኔታ በሙሉ በቤንዚን ታጥቦ ግራሶ ይቀባ» ተብሏል። ይህ ይታረም። ኩሽኔታ ማለት የሚዞር ክፍል ያለ ብዙ ፍትጊያ እንዲዞር የሚይዝ ቀለበት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአይሱዙ ጎማ ኩሽኔታ እንደዚያ ይሠራል፣ ምንም አይደል። የኤሌሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው) እና የሩደር (በጭራው ላይ ያለው፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው) ኩሽኔታ ግን ብዙው ከፋብሪካ ግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ቤንዚን በማሸጊያው ሰርጎ ውስጡን ያጥበዋል፤ ከዚያ ዝገት ይከተላል። ቴፍሎን (የሚያንሸራትት ፕላስቲክ) የተለበጠበትማ ጭራሽ ግራሶ አይፈልግም። የትኛው እንደሚቀባ የሚወስነው የአምራቹ ማንዋል ነው።

ምርመራው በእጅ ይጀምራል። ኤሌሮኑን ቀስ አድርገው ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ከያዝ ለቀቅ ካደረገ ወይም ከተንኳኳ፣ ማያያዣ ዘንጉ ተፈትቶ ኩሽኔታው ለብቻው ይታይ። ከማንዋሉ ልክ በላይ ከላላ ይቀየራል፤ ግራሶ ጠቅጥቆ ማለፍ የለም። መፍታትና መግጠሙ ደግሞ ፈቃድ ላለው ቴክኒሺያን ብቻ ነው።